ሽንትና ደም ስለ ጉበት የሚመሰክሩት

የሰው ዐይን ቢጫ ሲሆን በአገራችን «የወፍ በሽታ» ይባላል። ስያሜው ሕመሙን የሌሊት ወፍ ታመጣዋለች ከሚል እምነት የመጣ ነው። ይሁን እንጂ የዐይን ቢጫነት የበሽታ ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ከመንስኤዎቹ አንዱ ጉበትን የሚያስቆጡ ቫይረሶች የሚያመጡት ሄፓታይተስ ነው።

ቢጫው ቀለም ከየት ይመጣል? አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ካገለገለ በኋላ ይፈርሳል። ከፍርስራሹም ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር ይገኛል። ይህ ንጥረ ነገር በውሃ ስለማይሟሟ ኩላሊት ሊያስወግደው አይችልም። ጉበት ግን በውሃ ወደሚሟሟ ዓይነት ይለውጠውና ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። ቫይረስ ጉበትን ሲጎዳ ይህ ሥራ ይታወካል፤ የተለወጠው ቢሊሩቢን ወደ ደም ይመለስና በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት ይገባል። ስለዚህ ዐይን ቢጫ ከመሆኑ ከጥቂት ቀናት በፊት ሽንት እንደ ወፍራም ሻይ ሊጠቁር ይችላል። እርግጥ ነው፣ ውሃ ያልጠጣ ሰው ሽንትም ይጠቁራል። ነገር ግን ብልቃጥ ውስጥ ጨምረው ቢነቀንቁት የዚህኛው አረፋ ነጭ ሲሆን፣ ቢሊሩቢን የበዛበት ሽንት አረፋ ቢጫ ይሆናል።

ወባም ዐይንን ቢጫ ሊያደርግ ይችላል። የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሕዋሶችን ሲያፈርስ ጉበት ያልለወጠው ቢሊሩቢን በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ጉበት አብሮ ካልተጎዳ በቀር ግን ወደ ሽንት አያልፍም። እንግዲህ ዐይናቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ሕሙማን በሽንታቸው ሊለዩ ይችላሉ ማለት ነው።

ሽንት የሚናገረው ግን ስለ ጉበት ሥራ መታወክ ብቻ ነው፤ የቫይረሱን ማንነት አይገልጽም። ከዚህም የከፋው፣ ሄፓታይተስ ቢ በሰው ሰውነት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲኖር ሽንቱ ጥርት ያለ፣ ዐይኑም ነጭ ሊሆን መቻሉ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደም ቢለግስ ለተቀባዩ፣ እናት ብትሆን በወሊድ ጊዜ ለልጅዋ ቫይረሱን ልታስተላልፍ ትችላለች። ቫይረሱ በምራቅ ውስጥም ይገኛል፤ ነገር ግን ከደሙ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ቁርጡን የሚናገረው ደም ነው። ከተጎዱት የጉበት ሕዋሶች የሚወጡት ኢንዛይሞች የሚለኩት በደም ውስጥ ነው። የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን ፕሮቲንም የሚፈለገው በደም ውስጥ ነው። ይህን ፕሮቲን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብሉምበርግና ባልደረቦቹ በአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ አገኙት። በጊዜው ይመረምሩ የነበረው የጉበትን በሽታ ሳይሆን በሰዎች ደም መካከል ያለውን የዘር ልዩነት ነበር። ብሉምበርግ በ1976 የኖቤል ሽልማት ከመቀበሉ አስቀድሞ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የአሜሪካ የደም ባንኮች የለጋሾችን ደም በዚህ ዘዴ መመርመር ጀምረው ነበር።