አዩታያ፦ በሦስት ወንዞች የተከበበችው የሲያም መዲና

ከባንኮክ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አዩታያ እ.ኤ.አ. ከ1351 እስከ 1767 የሲያም፣ ማለትም የዛሬዋ ታይላንድ፣ ዋና ከተማ ነበረች። ቻኦ ፕራያ፣ ሎፕቡሪና ፓሳክ የተባሉት ወንዞች ዙሪያዋን ስለከበቧት ደሴት ሆናለች። ውሃው ከጠላት ይከልላታል፤ የፖርቱጋል፣ የሆላንድና የጃፓን ነጋዴዎችንም እስከ ደጃፏ ያደርስላት ነበር። በ1767 ግን የበርማ ጦር ለረጅም ጊዜ ከብቦ ካስጨነቃት በኋላ ሰብሮ ገባና አቃጠላት። የንጉሡ መቀመጫም ወደ ደቡብ ወረደ።

አብዛኛው ጎብኚ በቀጥታ ወደ ዋት ማሃታት ቤተ መቅደስ ይሄዳል። እዚያ ከአሸዋ ድንጋይ የተጠረበ የቡድሃ ራስ፣ የዋርካ ዘመድ የሆነ ዛፍ ሥሩን ጠምጥሞበት ይታያል። ከቡድሃ ራስ በላይ ከፍ ብሎ መቆም ነውር ስለሆነ ፎቶ የሚነሳ ሁሉ ቁጢጥ ይላል። ውብ ነው። ያን ብቻ አይቶ መመለስ ግን ያሳዝናል፤ የከተማዋ ታሪክ ያለው መንገዱን ተሻግሮ ነውና።

በ1424 ንጉሡ ሲሞት ሁለቱ ታላላቅ ልጆቹ ለዙፋን በዝሆን ላይ ሆነው ተጋጠሙ፤ ሁለቱም ሞቱ። ዙፋኑን የወረሰው ሦስተኛው ልጅ ለወንድሞቹ መታሰቢያ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የዋት ራትቻቡራና ቤተ መቅደስ አሠራ፤ ከቤተ መቅደሱ ማማ ሥር ባለው ጓዳም ብዙ ወርቅ ተቀበረ። ከተማዋ ስትዘረፍ እንኳ ያ ወርቅ አልተነካም። በ1957 ሌቦች ቆፍረው ገቡ። ከሰረቁት ጥቂቱ ሲመለስ፣ የቀረውን መንግሥት አወጣው። ዛሬ ጠባቡን ቁልቁል ደረጃ ይዞ የወረደ ሰው በግድግዳው ላይ የደበዘዙ ሥዕሎችን ያያል። ወርቁ ያለው በዚያው ከተማ፣ በሦስተኛው ልጅ ስም በተሰየመው ቻኦ ሳም ፕራያ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። የንጉሥ ሰይፍ ከነሰገባው አለ፤ ጌጡ በከበረ ድንጋይ የተለበጠ፣ የተንበረከከ ትንሽ የወርቅ ዝሆንም አለ። እኔ እንደዚያ ዝሆን ልቤን የነካው ነገር በአዩታያ የለም።

ከባንኮክ በባቡር መሄድ ይቻላል። ከጣቢያው ወጥተው ፓሳክን በትንሽ ጀልባ ይሻገሩና ብስክሌት ይከራዩ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ በጠዋት ይነሱ፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። ጊዜ ካጠረዎት ሌላውን ይተዉና ጓዳውንና ሙዚየሙን በአንድ ቀን ይዩ፤ መጀመሪያ ጓዳውን፣ ከዚያ ወርቁን።