የፎርድ ታውረስ አሠራር ታሪክ
የፎርድ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1980 እስከ 1982 ባሉት ሦስት ዓመታት ከሦስት ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ታውረስ የተባለው መካከለኛ መኪና የታቀደው በዚህ ጭንቅ ጊዜ ነው፤ ወጪውም ወደ ሦስት ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ባይሸጥ ኖሮ ኩባንያው ምን ይውጠው እንደ ነበር አንባቢ ይገምት።

እኛን ይበልጥ የሳበን የአሠራሩ ደንብ ነው። ቀድሞ ቅርጽ ነዳፊው ሥራውን ጨርሶ ለመሐንዲሱ ይሰጣል፤ መሐንዲሱም ለፋብሪካው ያስተላልፋል፤ ስሕተቱ የሚታወቀው መኪናው ሊገጣጠም ሲል ነው። ሉ ቬራልዲ የመራው ጓድ ግን ነዳፊውን፥ መሐንዲሱን፥ የፋብሪካውንና የሽያጩን ሰው ከመነሻው አንሥቶ በአንድነት አሠራ። የመገጣጠሚያው ሠራተኞች ሳይቀሩ ምን እንደሚያስቸግራቸው ተጠየቁ፤ ይህ እስከዚያ ድረስ ልማድ አለመሆኑ ያስገርመናል። የተወዳዳሪዎችም መኪናዎች እየተገዙና እየተፈቱ ተመረመሩ።

ታውረስ በ1985 መጨረሻ ለገበያ ቀረበ። ሞተሩ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞር፥ ነፋስ እንዳያግደውም ማዕዘኖቹ የተድበለበሉ ነበር። ከ1992 እስከ 1996 በአሜሪካ ከቤት መኪናዎች ሁሉ ይልቅ ተሸጠ። በ1996 ሞዴል የወጣው ሞላላ ቅርጽ ግን ብዙ ገዢ አላስደሰተም፤ በ1997 የጃፓኑ ቶዮታ ካምሪ ቀደመው። አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻው ታውረስ በ2019 ከቺካጎ ፋብሪካ ወጣ።