የአንድ ማሽን ሦስት ዐቅሞች፦ ኮንቴይነር አንሺ ፎርክሊፍትን በደኅንነት ስለ ማንቀሳቀስ



ንግግሬን ቀላል በሚመስል ጥያቄ ልጀምር። አንድ ፎርክሊፍት ስንት ቶን ያነሣል? ብዙዎቻችን መልሱ አንድ ቁጥር ይመስለናል። ይህ ግምት በሥራ ቦታ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ለምሳሌ የመረጥኩት ሪች ስታከር የተባለውን ልዩ ፎርክሊፍት ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት አብዛኛው የገቢ ዕቃ በጂቡቲ በኩል ይመጣል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሞጆ፣ በደረቅ ወደቡ ኮንቴይነሮችን ከሚያነሡና ከሚደረድሩ ማሽኖች አንዱ ይህ ነው። እንደ ተራው ፎርክሊፍት በሹካ አያነሣም፤ የሚረዝምና የሚያጥር ክንድ አለው። በክንዱ ጫፍ ያለው ስፕሬደር የኮንቴይነሩን አራት የላይ ማዕዘኖች ይቆልፋል። በዚህም ምክንያት ከፊቱ ካለው ረድፍ አልፎ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ረድፍ መድረስ ይችላል።

አደጋውም ከዚሁ ችሎታው ጋር የተያያዘ ነው። የማሽኑ የፊት ጎማዎች እንደ ሚዛን መደገፊያ ናቸው፤ ጭነቱ ወደ ፊት፣ የማሽኑ የራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይጫናል። ጭነቱ ማሽኑን ለመገልበጥ ያለው ጉልበት፣ በምሕንድስና ቋንቋ ሞመንቱ፣ የክብደቱና የርቀቱ ብዜት ነው። ውኃ የሞላ ጄሪካን ደረቱ ላይ አስጠግቶ የሚሸከም ሰው፣ ክንዱን ዘርግቶ ሊይዘው ቢሞክር ወዲያው ይከብደዋል። የውኃው ክብደት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ርቀቱ ነው። የኮንቴይነር ወርድ 2.44 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ረድፍ ርቀቱን ቢያንስ በዚያው መጠን ያሳድገዋል። ስለዚህ በተለመዱት ሞዴሎች በመጀመሪያው ረድፍ 45 ቶን የሚያነሣው ማሽን፣ በሁለተኛው 30 ቶን ገደማ፣ በሦስተኛው ደግሞ 15 ቶን ገደማ ብቻ ያነሣል። ማሽኑ አንድ ነው፤ ዐቅሙ ግን ሦስት ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ኦፕሬተሩ የታሸገውን ሣጥን ክብደት በምን ያውቃል? በወረቀት ላይ በሰፈረው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤም ኤስ ሲ ናፖሊ የተባለች መርከብ በእንግሊዝ ቻናል ተጎድታ ነበር። ከዚያ በኋላ በመርከቧ ላይ ከነበሩት ኮንቴይነሮች ውኃ ያልነካቸው 660 ያህል ሲመዘኑ፣ የ137ቱ ክብደት ከተመዘገበው ከ3 ቶን በላይ ልዩነት ተገኝቶበታል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ላኪው የተረጋገጠ ክብደት ሳያቀርብ ኮንቴይነር በመርከብ እንዳይጫን ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት ይከለክላል።

ሦስት ቶን ምን ያህል ነው? 14 ቶን ተብሎ የተመዘገበ ኮንቴይነር በእርግጥ 17 ቶን ቢሆን፣ በመጀመሪያው ረድፍ ስሕተቱን ማንም ላያስተውለው ይችላል። በሦስተኛው ረድፍ ግን ያው ስሕተት ማሽኑን ከገደቡ ያሳልፈዋል። ዘመናዊ ማሽኖች ጭነትን የሚለካና ገደብ ሲታለፍ እንቅስቃሴን የሚገታ መሣሪያ አላቸው። ሥራ ለማፋጠን ሲባል ይህን መሣሪያ ማጥፋት የመጨረሻውን መከላከያ ማስወገድ ነው።

አደጋው ወደ ፊት በመገልበጥ ብቻ አይወሰንም። የኋላው አክስል በመካከሉ ባለ አንድ ማጠፊያ ላይ ስለሚወዛወዝ፣ ማሽኑ ብዙ ጎማ ቢኖረውም ሚዛኑን የሚጠብቀው በሦስት ነጥቦች ነው፤ እነርሱም በግራና በቀኝ ያሉት የፊት ጎማዎችና ማጠፊያው ናቸው። ጭነት ከፍ ብሎ ሳለ መታጠፍ፣ ያዘመመ መሬት ወይም አየር የጎደለው ጎማ የስበት ማዕከሉን ከዚህ ሦስት ማዕዘን ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ ጉዞ የሚደረገው ክንዱን አሳጥሮ፣ ጭነቱን ዝቅ አድርጎና በዝግታ ነው። መሪው የሚያዞረው የኋላ ጎማዎችን በመሆኑም፣ ማሽኑ ሲታጠፍ ጅራቱ ወደ ውጭ ይወረወራል፤ በአጠገቡ እግረኛ ሊኖር አይገባም።

በአንድ ዓይነት ማሽን መሠልጠን ለሌላው እንደማይበቃ አንድ ነገር በግልጽ ያሳየናል። ተቀምጠው የሚነዱት ፎርክሊፍት ሲገለበጥ ኦፕሬተሩ መዝለል የለበትም፤ ቀበቶውን እንዳሰረ አጥብቆ ይዞ፣ ከሚወድቅበት በተቃራኒው ማዘንበል አለበት። ቆመው የሚነዱትና ከኋላ የሚገባበት ማሽን ሲገለበጥ ግን ወደ ኋላ ተራምዶ መውጣት ይመከራል። አንዱን የሚያድነው ልማድ ሌላውን ሊገድል ይችላል።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስገነዝብ፣ ሠራተኛውም የመሣሪያ ጉድለት ሲያገኝ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ይሁን እንጂ አደጋ በደረሰ ቁጥር «የኦፕሬተሩ ስሕተት» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ኦፕሬተሩ በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ነው። ክብደቱን የጻፈው ላኪ፣ ግቢውን ያነጠፈው መሐንዲስና ፍጥነት የሚጠይቀው አለቃ ሁሉም ከእርሱ በፊት ወስነዋል። ነገ መሐንዲስና ሥራ አስኪያጅ የምትሆኑ ተማሪዎች፣ «ማሽኑ ስንት ቶን ያነሣል?» የሚል ሲገጥማችሁ «በየትኛው ርቀት? በምን ዓይነት መሬት? ክብደቱንስ ማን መዘነው?» ብላችሁ መልሳችሁ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።