የውጭ ምንዛሪ ምንጮቻችን፦ ቡና፣ ወርቅና ሐዋላ



የኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ዋነኛ ምንጮች የሸቀጦች የወጪ ንግድ፣ አየር መንገዱን የሚያካትተው የአገልግሎት ንግድ እና ሐዋላ ናቸው። ከሸቀጦች መካከል ለረጅም ዘመን ቀዳሚው ቡና ነበር። በ2017 በጀት ዓመት ግን ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሆነው የሸቀጦች ገቢ 3.5 ቢሊዮን ያህሉ ከወርቅ ተገኘ፤ ቡና ከ2.6 ቢሊዮን በላይ አስገብቶ ሁለተኛ ሆነ።

ለዚህ ለውጥ የወርቅ የዓለም ዋጋ መናር አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው የምንዛሪ ተመኑ ነው። ይፋዊው ተመን ከጥቁር ገበያው እጅግ ያንስ በነበረበት ጊዜ ከባህላዊ አምራቾች የሚገኘው ወርቅ በብዛት በኮንትሮባንድ ይወጣ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ልዩነቱ ጠበበ፤ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርበው ወርቅም ጨመረ። በጋናም መንግሥት ለካካዎ የሚከፍለው ዋጋ ከጎረቤት አገሮች ሲያንስ ምርቱ ወደ ቶጎና ኮትዲቯር ይሾልካል።

ሐዋላም ከዚህ የተለየ አይደለም። ላፍቶ የሚኖር ቤተሰብ ከዋሽንግተን የተላከለትን ገንዘብ በባንክ ከተቀበለ ዶላሩ አገር ውስጥ ይገባል። በጥቁር ገበያ ከተቀበለ ግን ብሩ ከእጁ ይደርሳል፣ ዶላሩ በውጭ ባለው ደላላ እጅ ይቀራል። ቤተሰቡ የወር አስቤዛውን በሁለቱም መንገድ ይሸፍናል፤ ነዳጅና መድኃኒት የሚገዛበት የአገሪቱ የምንዛሪ ክምችት የሚያድገው ግን በመጀመሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ የገቢ ምንጮችን ስናጠና የተመረተውንና የተላከውን መጠን ከመቁጠር ባሻገር የመጣበትን መንገድ መመርመር ይኖርብናል።