«ግን» የምትለው ቃል በእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ

ንግድ በቃል ይጀመራል፤ በጽሑፍ ይጸናል። በጽሑፍ ከሚሰፍሩትም ቃላት መካከል ታላቅ መዘዝ የሚያመጡት ዘወትር ረዣዥሞቹና ከባዶቹ አይደሉም። አንዱን ሐሳብ ከሌላው ጋራ የሚያያይዙት፥ በተለይም የመጀመሪያውን ሐሳብ በሁለተኛው የሚያርሙት ወይም የሚገድቡት ትንንሾቹ ቃላት፥ የውልን ፍሬ ነገር ሊለውጡ ይችላሉ።

ይህን ነገር ለጊዮርጊስ ሠፈር ሰው ማስረዳት ብዙ አያደክምም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው በውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ፥ የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮጳ መንግሥታት ጋራ ስላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጻጻፍ እንደሚቻላቸው ሲናገር፥ የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን ይህንኑ ለማድረግ እንደ ተስማሙ አድርጎ ግዴታ አስመሰለው። ዳግማዊ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ ክርክሩም በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በጦር ተፈጸመ። የዚያ ድል መታሰቢያ የሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና በፊቱ ባለው አደባባይ የቆመው የንጉሠ ነገሥቱ ሐውልት፥ አንድ ቃል ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ያስታውሳሉ። የነጋዴ ደብዳቤ ጦርነት አያስነሣም፤ ሆኖም ገንዘብና መልካም ስም ሊያሳጣ ይችላል።

በአራዳ የሚኖረው ነጋዴ ከውጭ አገር ጋራ መጻጻፍ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከኢጣልያ ወረራ በፊት የከተማይቱ ዋና ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ይውል በነበረበት ዘመን፥ የአርመኑ፥ የግሪኩ፥ የሕንዱና የዐረቡ ሱቅ ከኢትዮጵያዊው ሱቅ ጎን ለጎን ነበር። በዚያን ጊዜ ከውጭ አገር ጋራ ለመጻጻፍ በብዛት የሚያገለግለው ፈረንሳይኛ ሲሆን፥ ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት ወዲህ እንግሊዝኛ እየበረታ ሄዶ ቦታውን ያዘ። ዛሬ ቡናና ሰሊጥ የሚልከውም፥ መለዋወጫና መድኃኒት የሚያስመጣውም፥ ዋጋ የሚጠይቀውና ቅሬታውን የሚያቀርበው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ጸሓፊዎች ተቃራኒ ሐሳብ ለመግለጽ ከትምህርት ቤት ይዘውት የወጡት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «በት» ነው። አማርኛችን «ግን»፥ «ነገር ግን»፥ «ዳሩ ግን»፥ «ሆኖም»፥ «ይሁን እንጂ»፥ «ቢሆንም»፥ «በአንጻሩ» እያለ ሐሳቡን እንደ ክብደቱ እንደሚለይ፥ እንግሊዝኛም የራሱ ልዩ ልዩ ቃላት አሉት። እነዚህን ለይቶ ማወቅ ለጌጥ ሳይሆን ለጥቅም ነው።

ክብደቱ የት ላይ ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቅ አንድ ደንብ አለ። «በት» ከሚለው ቃል በኋላ የሚመጣው ሐሳብ ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል። «ቡናው ጥሩ ነው፥ ግን ውድ ነው» ያለ ሰው ገዢውን ያሸሻል። «ቡናው ውድ ነው፥ ግን ጥሩ ነው» ያለ ደግሞ ገዢውን ይጠራል። ቃላቱ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ዕቃው የሚጽፍ ነጋዴ ጉድለቱን አስቀድሞ፥ ደኅናውን ነገር በመጨረሻ ቢያስቀምጥ፥ ሳይዋሽ ዕቃውን ያስከብራል።

ቃላቱና ልዩነታቸው

«ሃውኤቨር» የሚለው ከ«ይሁን እንጂ» ጋራ ይመሳሰላል። ከ«በት» ይልቅ ረጋ ያለና ለመሥሪያ ቤት ጽሑፍ የሚስማማ ነው። ዳሩ ግን ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሠረዝ ብቻ ሊያያይዝ አይችልም። ከእርሱ በፊት ነጥብ ወይም ድርብ ሠረዝ፥ ከእርሱ በኋላ ደግሞ ነጠላ ሠረዝ ያስፈልገዋል። ይህን ሥርዐት መዘንጋት በንግድ ደብዳቤዎች ላይ ዘወትር የሚታይ ስሕተት ነው።

«ኦልዞው» የሚለው «ምንም እንኳ» እንደ ማለት ሲሆን፥ ደካማውን ሐሳብ ከኃይለኛው በታች ያውለዋል። በዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ የሚወድቅበት ልዩ ወጥመድ አለ። በአማርኛ «ምንም እንኳ ዕቃው ቢዘገይም፥ ነገር ግን በደኅና ደርሷል» ማለት የተለመደ ስለ ሆነ፥ በእንግሊዝኛም «ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ በመካከል «በት» የሚጨምር ብዙ ነው። እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይፈልጋል፤ ሁለቱን ባንድነት መጻፍ ስሕተት ነው።

«ዲስፓይት» እና «ኢን ስፓይት ኦፍ» የሚሉት ትርጕማቸው አንድ ነው። ከበስተኋላቸው የሚከተለው ስም እንጂ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አይደለም። «መርከቡ ቢዘገይም» ለማለት «ኦልዞው» ሲስማማ፥ «የመርከቡ መዘግየት ሳያግደው» ለማለት «ዲስፓይት» ይስማማል። «ኦፍ» የሚለው ተጨማሪ ለ«ኢን ስፓይት» እንጂ ለ«ዲስፓይት» አይገባም።

«ኔቨርዘለስ» ማለት «ያም ሆኖ» ነው። የሌላውን ወገን አሳብ አምኖ ተቀብሎ፥ በራሱ አቋም ለመጽናት ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል። ደንበኛው ያቀረበውን ምክንያት እውነትነት አምኖ፥ ያም ሆኖ ሒሳቡ በቀኑ እንዲከፈል የሚጠይቅ ነጋዴ፥ ከዚህ የሚሻል ጨዋ ቃል አያገኝም።

«ዌርአዝ» የሚለው «በአንጻሩ» እንደ ማለት ነው፤ ሁለት ነገሮችን ያነጻጽራል፥ ለምሳሌ የአምናን ዋጋ ከዘንድሮ ዋጋ ጋራ። ይኸው ቃል ግን በውል መግቢያ ላይ በተገኘ ጊዜ ተቃራኒነትን አያመለክትም፤ ወደ ውሉ ያደረሰውን ምክንያት ለመዘርዘር «ስለ ሆነ» በሚል ትርጕም ይገባል።

«ኦን ዚ አዘር ሃንድ» እና «ኦን ዘ ኮንትራሪ» የሚሉትን ማሳሳት ደግሞ ደንበኛን ያስቀይማል። የፊተኛው «በሌላ በኩል» ሲል፥ የኋለኛው «የለም፥ ነገሩ ተቃራኒው ነው» ይላል። ደንበኛው ዕቃው ዘግይቶብኛል ብሎ ሲጽፍ «ኦን ዘ ኮንትራሪ» ብሎ መመለስ፥ ሐሰት ተናገርህ ከማለት አይርቅም።

ገንዘብ የሚያስከፍለው «ግን»

ከዚህ በላይ የተነገረው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለው የኪስ ጉዳይ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1694፥ ከቀረበው ሐሳብ ጋራ በትክክል ያልተስማማ ወይም ገደብ የተደረገበት አቀባበል፥ የፊተኛውን ሐሳብ እንደ መጣልና አዲስ ሐሳብ እንደ ማቅረብ ይቈጥረዋል። የእንግሊዝም ሕግ እንደዚሁ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1840 በታየው የሃይድና የሬንች ክርክር፥ ሻጩ እርሻውን በ1000 ፓውንድ ሊሸጥ ሐሳብ አቀረበ፤ ገዢው 950 ፓውንድ አለ፤ ሻጩም እምቢ አለ። ገዢው ተመልሶ በ1000 ፓውንድ ተቀብያለሁ ቢል፥ የመጀመሪያው ሐሳብ በራሱ መልስ የፈረሰ ስለ ሆነ ውል የለም ተብሎ ተፈረደ።

እንግዲህ አንድ ቡና ላኪ ከባሕር ማዶ ለመጣለት የዋጋ ሐሳብ «ተቀብለናል፥ ግን ጭነቱ በሚቀጥለው ወር ይሁን» ብሎ ቢመልስ፥ አልተቀበለም ማለት ነው። ገዢው ከነጻነቱ ጋራ ይቀራል፤ ዋጋው በወደቀ ጊዜም ሊተወው ይችላል። ፍላጎቱ መጠየቅ ብቻ ከሆነ ግን ጥያቄውን በጥያቄ መልክ ማቅረብ ይገባዋል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1880 በእንግሊዝ አገር በተፈረደው የብረት ንግድ ክርክር፥ በሁለት ወር ውስጥ ማስረከብ ይቻል እንደ ሆነ በቴሌግራም የጠየቀ ገዢ፥ ጠየቀ እንጂ ሐሳቡን አልጣለም ተብሎለታል። በጥያቄና በገደብ መካከል ያለው ርቀት፥ ብዙ ጊዜ የአንዲት «በት» ርቀት ነው።

ሁለተኛው አደጋ በመርከብ ጭነት ሰነድ ላይ ያለው ነው። የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና ከሐምሌ 2007 በአውሮጳ አቈጣጠር ጀምሮ የሚሠራበት ስድስት መቶኛው የባንክ ደንብ፥ በአንቀጽ 27 ባንክ የሚቀበለው ንጹሕ የማጓጓዣ ሰነድ ብቻ መሆኑን ይናገራል። ንጹሕ የሚባለውም ዕቃው ወይም ማሸጊያው ጉድለት እንዳለበት በግልጽ የሚናገር ቃል ያልተጻፈበት ነው። የመርከቡ ሰዎች ዕቃውን በመልካም ሁኔታ ተረክበናል ብለው «ግን ጥቂት ከረጢቶች እርጥብ ናቸው» የሚል ቢጨምሩበት፥ ሰነዱ ንጹሕነቱን ያጣል፤ በኤልሲ የሚጠበቀውም ክፍያ ይታገዳል። ስለዚህ ላኪው ሰነዱን በተረከበ ጊዜ ከድምሩ አስቀድሞ እንዲህ ያለ ቃል አለመኖሩን ይመልከት።

ሦስተኛው በረዣዥም ውሎች ውስጥ ይገኛል። «ኖትዊዝስታንዲንግ» እና «ሰብጀክት ቱ» የሚሉት ሁለቱም ከሌላ አንቀጽ ጋራ የሚያያይዙ ቢሆኑም፥ ሥራቸው ተቃራኒ ነው። «ኖትዊዝስታንዲንግ አንቀጽ 7» የሚለው በአማርኛ የሕግ አነጋገር «በአንቀጽ 7 የተደነገገው ቢኖርም» ማለት ስለ ሆነ፥ ይህ አንቀጽ ሰባተኛውን ያሸንፋል። «ሰብጀክት ቱ አንቀጽ 7» የሚለው ደግሞ «የአንቀጽ 7 ቃል እንደ ተጠበቀ ሆኖ» ወደ ማለት ስለሚቀርብ፥ ሰባተኛው ይህን ያሸንፋል። ሁለቱን ያለዋወጠ ነጋዴ፥ ስለ ዋጋ ወይም ስለ ቅጣት የተጻፈለትን መብት በገዛ ፊርማው ሊያስወግድ ይችላል።

ከመላክ በፊት

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር አጭር ነው። ደብዳቤው ተጽፎ ካለቀ በኋላ «በት» የሚለው ቃል ባለበት ሥፍራ ሁሉ ምልክት ይደረግ። በየምልክቱም ላይ፥ ጸሓፊው ሁለት ነገሮችን ማነጻጸሩ፥ የሌላውን ሐሳብ አምኖ በራሱ መጽናቱ፥ ወይስ የሰጠውን ስምምነት መገደቡ እንደ ሆነ ይመርመር። ለማነጻጸር «ዌርአዝ»፥ አምኖ ለመጽናት «ኔቨርዘለስ» ወይም «ኦልዞው» ይግባ። ስምምነቱን የሚገድብ ሆኖ ከተገኘ ግን ቃሉን ከመለወጥ በፊት፥ ነጋዴው በእርግጥ መገደብ ይፈልግ እንደ ሆነ ያስብበት።

በመጨረሻም የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር በአማርኛ ተመልሶ ይነበብ። በአማርኛ ሲነበብ ነጋዴው ሊናገር ካሰበው የተለየ ነገር የሚል ከሆነ፥ ማኅተሙ አይመታበት።