ክሪክና ሒሳቡ

ጎማው የተነፈሰ መኪና ከጎሚስታ ደጃፍ ሲቆም፥ ጢሙ ገና ያላቀመቀመ ልጅ ከመኪናው ሥር ተንበርክኮ፥ በቁመቱ ከጠርሙስ እምብዛም የማይበልጠውን የዘይት ክሪክ አስገብቶ ዘንጉን ባንድ እጁ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ፥ ሁለት ጎልማሶች ትከሻ ሰጥተው የማያነሡት ብረት ቀስ በቀስ ከመሬት ሲላቀቅ ያየ ሰው፥ ዓይኑ ነገሩን ስለ ለመደው ዝም ብሎ ያልፋል እንጂ፥ ሊደነቅስ በተገባው ነበር።

በክሪኩ ሆድ ያለው ነገር ብዙ አይደለም፤ አንዱ ቀጭን፥ አንዱ ወፍራም የሆኑ ሁለት ሲሊንደሮች፥ በየሲሊንደሩ የሚመላለስ ፒስተን፥ በመካከላቸው የሚተላለፍ ዘይት፥ ዘይቱም ወደ ፊት አልፎ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክሉ ትንንሽ ቫልቮች ናቸው። መኪናውን ለማውረድ ሲፈለግ ከግርጌው ያለው ብሎን ጥቂት ይላላና ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል።

የዚህ ጥበብ ሥር የፈረንሳዊው ሊቅ የብሌዝ ፓስካል ትምህርት ነው። በተዘጋ ዕቃ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይቀነስ ወደ ማዕዘናቱ ሁሉ እንደሚደርስ፥ እርሱ ከሞተ በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1663 በታተመው ድርሳኑ አስረዳ። ትምህርቱን ወደ መሣሪያ የለወጠውና በ1795 በመጭመቂያ መኪናው የፈጠራ መብት ያገኘው ግን እንግሊዛዊው ቁልፍ ሠሪ ጆሴፍ ብራማ ነበር።

ነገሩ በተማሪ ደብተር ሲሰፍር እንዲህ ይሆናል። በክሪኩ ላይ ያረፈው ክብደት 3000 ኒውተን፥ የወፍራሙ ፒስተን ስፋት 10፥ የቀጭኑም 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሁን። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነውና፥ ሸክሙን ለመቻል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 300 ኒውተን ያስፈልጋል፤ ያው ግፊት በቀጭኑም በኩል ስላለ በዚያ 300 ኒውተን ይበቃል፤ ዘንጉ የእጅን ኃይል ዐሥር እጥፍ የሚያደርግ ቢሆን፥ ልጁ የሚጫነው 30 ኒውተን ብቻ፥ ይኸውም ሦስት ኪሎ ጤፍ የሚከብደውን ያህል ነው።

ብዙ ተማሪ መልሱን አስምሮበት ደብተሩን የሚከድነው እዚህ ላይ ነው፤ ቀመሩን በቃሉ ይዞ እዚህ የሚቆም ግን፥ ንባቡን ዘልቆ ከትርጓሜው ጉባኤ ሳይቀመጥ የቀረውን ደቀ መዝሙር ይመስላል። መቶ እጥፍ የሆነው ኃይል ከወዴት መጣ? መኪናው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ከወፍራሙ ፒስተን ሥር 100 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ዘይት መግባት አለበት፤ ቀጭኑ ፒስተን ባንድ ምት 2 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ 2 ብቻ ስለሚያሳልፍ፥ ልጁ 50 ጊዜ ይጫናል፤ በየምቱም እጁ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሚወርድ፥ መኪናው ግማሽ ስንዝር ያህል ሲነሣ እጁ 10 ሜትር ተጉዟል። 30 ኒውተን በ10 ሜትር ቢባዛ 300 ጁል፥ 3000 ኒውተንም በ0.1 ሜትር ቢባዛ ያው 300 ጁል ነው፤ በኃይል የተተረፈው በመንገድ ተከፍሏል፥ ሰበቃም በበኩሉ ጥቂት ያስጨምራል። ፓስካልም ኃይሉ በበዛበት መጠን መንገዱ እንደሚያጥር በዚያው ድርሳኑ አልዘነጋም።

ስለዚህ ተማሪው ኃይሉን ካገኘ በኋላ ርቀቱን ይጠይቅ፤ ሰበቃን ትቶ ሁለቱ ወገን እኩል ካልወጡለት፥ ከጻፋቸው መስመሮች አንዱ ስቷልና ይመለስ። የጎሚስታው ልጅ ይህን ሒሳብ በደብተር ባይሠራውም፥ መኪናው ተነሥቶ ላቡን በእጅጌው ሲጠርግ፥ ሃምሳውን ምት ክንዱ ቆጥሮታል።