ስለ ጨዋታ ሹመት

ሹመት ሁሉ ከውጭ ሲያዩት ወንበር፣ ሲገቡበት ግን ሸክም ነው። እኛ ይህን የተማርነው በታላቅ ሥራ ሳይሆን በልጆች ጨዋታ ስለ ሆነ፣ ልጆች ላሏቸው አንባቢዎቻችን ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ጻፍነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ፣ በአቃቂ በሰቃ፣ የሰፈራችን ልጆች ዲስክ ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ ጀመሩ። ተጫዋቹ እንደ ሳሕን ክብ የሆነች፣ ክብደቷ ከ200 ግራም የማይበልጥ ዲስክ ይወረውራል፤ ከወደቀችበትም ቦታ እንደ ገና እየወረወረ በችካል ላይ ወዳለው ቅርጫት ያገባታል። ከዚያም ወደሚቀጥለው ቅርጫት ያልፋል፤ ሁሉንም በጥቂት ውርወራ የፈጸመ ያሸንፋል። የዚህን ጨዋታ ተወዳዳሪዎች ማኅበር የመሠረተው ኤድ ሄድሪክ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ነበር። በታወቁት ሜዳዎች ብዙውን ጊዜ 18 ወይም 9 ቅርጫት ይተከላል። የእኛዎቹ ልጆች ግን 9 የገበያ ቅርጫት በእንጨት ላይ አስረው ሜዳቸውን አሰናዱ።

ልጆቹም፦ «ጋሼ፣ እርስዎ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነዎትና ውድድሩን ይምሩልን» ቢሉን ደስ ብሎን ተቀበልን። ሥራው ሽልማት መስጠትና ንግግር ማድረግ ብቻ መስሎን ነበር። ነገር ግን ሹሙ ጨዋታው ሳይጀመር የሚያስብበት ብዙ ነው። የአቃቂ መሬት መረሬ ስለ ሆነ በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፤ ስለዚህ ቀኑን በበጋ ወሰንን። ወንዙም በፋብሪካ ፍሳሽ የተበከለ ስለ ሆነ፣ ማንም ልጅ ወደ ውኃው እንዳይቀርብ በአመድ ወሰን አሰመርን፤ ዲስኩ ከወሰኑ የወጣበትም አንድ ውርወራ ቅጣት እንዲጨመርበት ተናገርን። ይህን ሁሉ ስናሰናዳ ዋናውን ረሳን። ሕጉን በጽሑፍ አላወጣንም።

በውድድሩ ቀን ጧት የአንድ ሸማኔ ልጅ ዲስክ፣ እኩሌታዋ በውስጥ እኩሌታዋ በውጭ ሆና በመስመሩ ላይ ወደቀች። «ወጥታለች» ብለን አንድ ውርወራ ጨመርንበት። ከቀትር በኋላ የገዛ ልጃችን ዲስክ በዚያው መስመር ላይ ልክ እንደዚያችው ሆና ወደቀች። «አልወጣችም» አልን። በዕድሜ ታላቅ ነንና የተቃወመን አልነበረም፤ ዝምታቸው ግን ከአቤቱታ ይልቅ ከበደን። ልጃችንም የሸማኔውን ልጅ በአንድ ውርወራ በልጦ ሽልማቱን፣ አንድ ደብተርና አንድ ብዕር፣ ወሰደ።

ማታ ባለቤታችን ነገሩን ከልጁ ሰምታ፦ «ዛሬ በሜዳው የዋሉት ዳኛው ናቸው ወይስ አባትየው?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም።

በማግሥቱ የማኅበሩን ደንብ ፈልገን አነበብን። ዲስክ ወጣች የሚባለው ሙሉ በሙሉ ከወሰን ውጭ ስትሆን ነው፤ ጥቂቷ እንኳ ውስጡን ከነካች አልወጣችም። እንግዲህ ለልጃችን የፈረድነው ልክ፣ በሸማኔው ልጅ ላይ የፈረድነው ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ለልጃችን ልክ የፈረድነው ሕጉን ዐውቀን ሳይሆን ልጃችንን ዐውቀን ነው። ማኅበሩም ውድድር የሚመራው ሰው አስቀድሞ በደንቡ ተፈትኖ እንዲያልፍ የሚያዘው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባን።

በአገራችንም የዚህ ምሳሌ አለ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩት፣ በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበትን ቡድን አልልክም ስላለች ከካርቱሙ የመጀመሪያ ዋንጫ ቀረች፤ ውድድሩም በ3 አገሮች ብቻ፣ በኢትዮጵያ፣ በግብፅና በሱዳን፣ ተደረገ። ሕግ ከሚጎድል አገር ቢጎድል ይሻላልና።

እኛም በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹን ሰብስበን ስሕተታችንን በፊታቸው ተናገርን፤ ቅጣቱንም ሰረዝን። ሁለቱ ልጆች እኩል ስለ ሆኑ፣ ደንቡ እንደሚያዘው አንድ አንድ ቅርጫት እየጨመሩ እንዲለዩ አደረግን። በሦስተኛው ቅርጫት የሸማኔው ልጅ አሸነፈ። ልጃችን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስሙን ጽፎ ነበርና፣ ያን ቅጠል ቀዶ ደብተሩንና ብዕሩን በገዛ እጁ አስረከበው።

ወላጆች ሆይ፣ ለልጆች ጨዋታ ሹም ትሆኑ ዘንድ የተጠራችሁ እንደ ሆነ፣ ችካሉን ከመትከላችሁ በፊት ሕጉን ጻፉ። የልጃችሁም ስም ከተጫዋቾች መካከል ያለ እንደ ሆነ፣ በእርሱ ላይ የሚሰጠውን ፍርድ ለሌላ ሰው ተዉ።